ሦስት ጠብታ

ቦንጋ የገባሁት በመስከረም 1987 ዓ.ም. ነው፤ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ የታሪክ መምህር። ያኔ አካባቢው ከፊቾ ሸኪቾ ዞን ይባል ነበር። ከአዲስ አበባ ጅማ አንድ ቀን ይፈጅ ነበር። ጅማ ታድሮ በማግስቱ ቦንጋ ድረስ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የጠጠር መንገድ ነበር። ዝናቡ ከፈቀደ በግማሽ ቀን፣ ካልፈቀደ ደግሞ እግዜር በወደደው ሰዓት ይደረስ ነበር።

ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሱሪ፣ ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም፣ ጥቁር መቁጠሪያና በማስመሪያ አስምሬ የጻፍኩት አንድ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ የመንፈሳዊ ሕይወቴ መርሐ ግብር ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ «ገጠር ለነፍስ ይመቻል» ይሉኝ ስለነበር፣ የምደባው ዕጣ ሲወጣ ሩቅ የደረሳቸው ሁሉ ሲያለቅሱ እኔ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ወረቀቱ ዘጠኝ ተራ ቁጥሮች ነበሩት። ስምንቱ ዛሬ ትዝ አይሉኝም። ሰባተኛው «ሳቅና ዋዛ ፈዛዛ መቀነስ» ይል ነበር፤ እሱን ግን ሌት ተቀን ስጥሰው ስለኖርኩ አልረሳሁትም።

ጎጀብ ወንዝ ስንደርስ ረዳቱ በመስኮት እያመለከተ «ንጉሡ ቀለበቱን የጣለው እዚህ ነው» አለ። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዞ ወደ ሸዋ ሲወሰድ፣ ጎጀብን ሲሻገር የወርቅ ቀለበቱን ወደ ወንዙ ወርውሮ ከእንግዲህ የካፋ ንጉሥ የለም አለ ይባላል። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ይህንኑ በጥሞና ስጽፍ፣ ረዳቱ ቀጠል አድርጎ «አያቴ ዕድሜ ልኩን ፈልጎ ያገኘው ግን አንድ የቢራ ቆርኪ ነው» ሲል አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። ተራ ቁጥር ሰባት።

የተከራየሁት ከአንዲት ባልቴት ግቢ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኩ። አንገታቸው ላይ ማተብና መቁጠሪያ አይጠፋም። ትልቋ ልጃቸው የጅማ ሙስሊም አግብታለች፤ ባሏ የኮረሪማ ነጋዴ ነው። ትንሿ ጴንጤ ናት፤ ልብስ ስታጥብ ድምጿ ከላይ ሰፈር ይሰማል። የሦስቱ እምነት ሰዎች በቀን ሦስቴ አንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጡና እርስ በርስ ይፋጃሉ። አማቹ «ዛሬስ ጌታ ጆሮው ደህና ነው?» ይላታል ዘማሪዋን። እሷ «የእናንተ ሰው ሌሊት በድምፅ ማጉያ ቀሰቀሰው እኮ፤ በዚያው አልተኛም» ትላለች። እማማ ሁለቱንም ይገሥጹና ጥቂት ቆይተው ራሳቸው ይብሳሉ። እኔ ጥግ ይዤ፣ ሲኒዬን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ለእነዚህ ሰዎች ነፍስ አዝን ነበር።

ቡናው የጫካ ቡና ነው። በካፋዎቹ ቋንቋ በካፊ ኖኖ «ቡኖ» ይሉታል፤ ኖኖ ማለት አፍ ነውና ካፊ ኖኖ የካፋ አፍ መሆኑ ነው። ሲቆላ ጢሱ መጀመሪያ ለአረጋውያን ይቀርባል። ኮረሪማና ጢምዝ ይገባበታል። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ከቡና ቅጠል በዝንጅብል፣ በቃሪያና በጨው የሚፈላ ጨሞ የሚሉት አለ፤ መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን መድኃኒት መስሎኝ «ለምን በሽታ ነው?» ብዬ ጠይቄ ለሳምንት መሳቂያ ሆንኩ።

አቦሉ ሲቀዳ እማማ የመጀመሪያውን ሲኒ ይዘው ወደ ደጃፍ ይወጣሉ። ጎንበስ ብለው መሬት ላይ ሦስት ጠብታ ያንጠባጥባሉ፤ በካፊ ኖኖ አንድ ነገር ያጉረመርማሉ፤ አማትበው ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን አላስችል አለኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ነገር ባዕድ አምልኮ ነው።»

ጀበናውን አስቀምጠው አዩኝ። «ልጄ፣ እናትህ ቤት ጠላ ሲቀዳ ቀድሞ የሚቀምስ ማነው?»

«ባለቤት ነዋ።»

«የቡናው ባለቤት ማነው?» አሉና በአገጫቸው ከግቢው ማዶ ወደተደረደረው ጥቁር አረንጓዴ ጫካ ጠቆሙ። «እኛ እንግዳ ነን። ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ ይጠጣል?» ትንሽ አሰብ አደረጉና «ደግሞ መርዝ ካለበት ቀድሞ እሱ ይሙታ!» ብለው በራሳቸው ቀልድ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አማቹ ቡናው ትን አለው።

ለዚህ ምን ይመለሳል? ያነበብኳቸው መጻሕፍት ለክርክር አዘጋጅተውኝ ነበር እንጂ ለሳቅ አላዘጋጁኝም።

ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር አለ። ካፋ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያለው ፈጣሪ ዬሮ ይባላል። ከእሱ በታች ኤቆ የሚሉት መንፈስ አለ፤ መንፈሱ የሚያድርበት ሰው አላሞ ነው፤ የታመመም፣ የተጣላም፣ ከብት የጠፋበትም እሱ ዘንድ ሄዶ ይጠይቃል። በጫካው ውስጥ ዛፍ የማይቆረጥባቸው የተከበሩ ቦታዎች አሉ፤ የቤተሰቡ ወይም የጎሳው ታላቅ እዚያ ሄዶ ከማሩም ከእህሉም ቆንጥሮ ያቀርባል፤ ዴጆ ይሉታል። ክርስትናም ካፋ ከገባ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ካህን እየጠፋ እንኳ በዓሉንና ጾሙን ይዞ ኖሯል። በ1859 እ.ኤ.አ. ካፋ የደረሱት የካቶሊክ ጳጳስ አባ ማስያስ፣ አስቀድመው የላኩት ሚሲዮናዊ የአገሩን ሴት አግብቶ ነበር የጠበቃቸው። እሳቸውም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በ1861 ተባረሩ። ይህን ያነበብኩት ቆይቶ ነው፤ ሳነብ ግን አልገረመኝም። ካፋ ሃይማኖት ይዞ የመጣን ሰው ባዶ እጁን አይመልስም፤ ወይ ሚስት ይሰጠዋል፣ ወይ ቡና ያጠጣዋል፣ ወይ ይሸኘዋል።

ቡናውም ቢሆን ሲጀመር የጸሎት መጠጥ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ ሱፊዎች ሌሊት ዚክር ላይ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት ነበር። በ1511 እ.ኤ.አ. የመካው ሹም ኻይር በይ ሊቃውንት ሰብስቦ አስከለከለው፤ ሰዎች ቡና እየጠጡ ተሰብስበው መሳቅና ማውራት ማብዛታቸው ሹሙን አላማረውም። ካይሮ የነበሩት ሱልጣን ብዙም ሳይቆዩ ክልከላውን ሻሩት። በእኛም በሰሜኑ አገር ቡና የእስላም መጠጥ ነው እየተባለ ለረጅም ዘመን በካህናት ሲወገዝ ኖሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ የላላው። የኻይር በይን ታሪክ ለአማቹ ስነግረው «ሰውዬው ተራ ቁጥር ሰባት ነበረበት ማለት ነው» አለኝ። ወረቀቴን ትራስ ስር ደብቄ ነበር፤ ማን እንዳነበበው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሰፈሩ በሙሉ ግን በቃሉ ያውቀው ነበር።

የእማማ ወንድም ቀፎ ሰቃይ ነው፤ አጎት ይባላል። በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ወደ ማንኪራ በሚወስደው በኩል ካለው ጫካ ይዞኝ ገባ። ከተማውን ከለቀቅን ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰማይ የሚባል ነገር ጠፋ። ግንዱ ሁሉ ሽበት አብቅሏል። የጫካ ቡና በአትክልት ቦታ እንደምናውቀው ችምችም ያለ አይደለም፤ ከግዙፎቹ ዛፎች ስር ብርሃን ፍለጋ እንደ ዱላ ቀጥኖ ይመዘዛል፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ ፍሬውም ቆንጠር ቆንጠር ያለ ነው። መሬቱ እርጥብ ቅጠል ስለሆነ ከእርምጃዬ ግማሹ መንሸራተት ነበር። አጎት በባዶ እግሩ ከፊቴ እየሄደ ለአረማመዴ ዘፈን አወጣለት። ትርጉሙን እምቢ ስላለኝ ደህና ነገር እንዳልነበረ ገምቻለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ዘፈኑን ቆረጠ። ባርኔጣውን አወለቀ። መንገዳችን ዳር አምስት ሰው ቢያያዝ የማያቅፈው ዛፍ ቆሟል፤ ዙሪያው ያልተነካ ቁጥቋጦ ነው። አጎት ከጉያው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለች ማር አወጣ፤ በጣቱ ጫፍ ዛቅ አድርጎ ሥሩ ላይ ቀባ። ድምፅ አላሰማም። እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከላይ ቅጠል ለቅጠል የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ይሰማል። እኔ መቁጠሪያዬን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ፣ ላማትብ ወይስ አላማትብ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት፣ አጎት ባርኔጣውን አድርጎ ተነሣ። አሥር እርምጃ እንደሄድን ዘፈኑን ካቆመበት ስንኝ ቀጠለ።

ያ ነው ያልገባኝ። እኔ ከጸሎት ስነሣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ፊቴን ሳልፈታ እቆያለሁ፤ ሰው እንዲያውቅልኝም ጭምር፣ እውነቱን ልናገር። እሱ ግን ከዝምታው ወደ ዘፈኑ ሲሻገር መሐል ላይ ደፍ እንኳ አልነበረም።

ቀፎው የሚሰቀልበት ዛፍ ሥር ደረስን። ቡቶ በሚሉት ዛፍ አበባ ነው ያ ነጩ ማር የሚሠራው። አጎት ሐረግ በግንዱና በወገቡ ዙሪያ አዙሮ፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ እንደ ቀልድ ተንጠላጥሎ ወጣ። እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ቅጠል ውስጥ ጠፋ። ገመድ ወረደልኝ፤ ቀፎውን አሰርኩ፤ እየተወዛወዘ ወደ ላይ ተሳበ። ብዙ ዝም አለ። ወደቀ ብዬ ልቤ ሲቆም ከሰማይ ድምፅ መጣ፦

«ቲቸር! ከዚህ አዲስ አበባ ይታያል! እናትህ ቡና እየጠጡ ነው!»

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ፣ በምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሳቁ ውስጥ እንባ መጣ። ቅጠል ላይ ተቀምጬ አንገቴን አንጋጥጬ እንደ ሕፃን ስቄ አለቀስኩ። ዳዊት በደገምኩ ቁጥር የምጠብቃት ያቺ የልብ መላላት፣ በመርሐ ግብሬ ያላገኘኋት፣ ሳልጠራት መጣች። እናቴን ናፍቄ ነው ብል ይቀላል። እሱ ብቻ ግን አልነበረም።

ኤቆ ወዳለበት ስለሄድኩበት ሌሊት ባጭሩ ልናገር። ታሪክ መምህር ነኝ፣ ማጥናት አለብኝ በሚል ሰበብ አንድ ማታ ጋቢ ተከናንቤ እስከ አንድ አላሞ አጥር ድረስ ሄድኩ። ከበሮ ይሰማል። ሰዉ ደጅ ላይ ተራ ይዞ ያወራል፣ ይቀላለዳል፣ ሕፃን ያጠባል። ጥግ ላይ ጋቢውን እስከ ቅንድቡ የሳበ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ከፊቴ የሚቆም፣ የሰበካው ትልቅ ሰው። ተያየን። እሱም ጋቢውን ዝቅ አደረገ፣ እኔም። በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠጋ ብሎ «መምህር፣ በሕልሜ አየሁህ» አለኝ። «እኔም አየሁዎት» አልኩ። «እንግዲህ ሕልም ለሰው አይነገርም» ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ።

በእማማ ግቢ ሳቅ የሌለበት አንድ ጊዜ ነበር። እንጨት ይዛ የምትመጣ አንዲት የማንጆ ሴት ነበረች። ማንጆዎች ከጥንት ጀምሮ ከጫካው የሚኖሩ፣ ሌላው የካፋ ሰው ግን ቤቱ የማያስገባቸው፣ አብሯቸው የማይበላና የማይጋባ ሰዎች ናቸው። ሴትየዋ ሸክሟን አጥር ጥግ አውርዳ ትቆማለች፤ ቡናዋ ለብቻዋ በተቀመጠ ቅል ይወጣላታል። ሳታስጠጋ ከንፈሯን አርቃ ትጠጣና ቅሉን እዚያው አጥሩ ላይ ሰቅላው ትሄዳለች። ይህን ለስድስት ወር በየሳምንቱ አይቻለሁ። ለሦስት ጠብታ ቡና እማማን የገሠጽኩ ሰው ስለ ቅሉ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም። ዘጠኙ ተራ ቁጥሮቼ ውስጥ እሷን የሚመለከት አልነበረም።

በስንት ጊዜ አንድ ቀን «እማማ፣ እሷ ግን ለምን ሲኒ አይሰጣትም?» ብዬ ጠየቅኩ። ቀልድ ጠበቅኩ። አልቀለዱም። አማቹም፣ ዘማሪዋም መሬት መሬት አዩ። እማማ ረጅም ጊዜ ከሰሉን ቆሰቆሱ፤ «ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው» ብቻ አሉ። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እማማ አጥሩ ጥግ ከሴትየዋ ጋር እንጨቱ ላይ ተቀምጠው አየሁ። በመሐላቸው ሁለት ሲኒ አለ፤ ሁለቱም ከረከቦቱ የወጡ። ወደ ቤት አላስገቧትም። ሲኒው ተመልሶ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ እንደሆነም አልጠየቅኩም። ሴትየዋ የሆነ ነገር ተናገረች፤ እማማ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

በነሐሴ 1987 ፍልሰታ ሲገባ ሱባኤ ልገባ ቆረጥኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ካለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንዲት ጎጆ ፈቀዱልኝ። አንድ ኪሎ በሶ፣ ቆሎና ዳዊት ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ማለዳ ድንቅ ነበር። ከጎጆው ፊት ካለው ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች ተደርድረዋል፤ ጥቁር ሰውነት፣ ትከሻቸው ላይ ነጭ ካባ፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው ድምፅ የለ፣ ንቅናቄ የለ። ሰዎች ጉሬዛን መነኩሴ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። አብሬያቸው ዳዊት ደገምኩ። ስመለስ ጎጆዬ ውስጥ ጦጦች ገብተው በሶዬን በትነው፣ ፊታቸውን ነጭ ቀብተው፣ ቆሎውን ሲካፈሉ ደረስኩባቸው። አንዱ መርሐ ግብሬን ይዞ ወጣ፤ ዛፍ ላይ ቁጭ ብሎ አገላብጦ አየው፤ ነክሶ ቀመሰው፤ አልጣመውም መሰለኝ ተፋው። የዚያን ቀን ቀትር የጀመረው ዝናብ ሌሊቱን አላባራም። ሦስተኛው ሌሊት ጣሪያው ለቀቀው፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በስብሼ፣ ተርቤ፣ ጭቃ ለጭቃ እየተንፏቀቅኩ ቤት ደረስኩ።

ግቢው ጨልሟል። በእማማ ክፍል መስኮት ግን የኩራዝ ብርሃን ይታያል። አመማቸው ብዬ ጠጋ አልኩ። ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጉልበት ሲወርድ፣ ግንባር መሬት ሲነካ፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ጉልበት። ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ላይ ስደርስ ብርዱ አስነጠሰኝ።

በሩ ገርበብ አለ። ላብ ያጠመቀው ፊት ብቅ ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ሱባኤው ተፈጸመ?»

«ጦጦቹ ፈጸሙት።»

አፋቸውን በነጠላ አፍነው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲሰግዱ አየኋቸው ብለህ እንዳታወራ» አሉ። «ልጆቹ ይስቁብኛል።»

አንድ ዓመት ያህል ግድግዳ ብቻ ለይቶን ኖረናል። ለካ በየሌሊቱ፣ እኔ 11 ሰዓት ተነሥቼ ጸለይኩ ብዬ በምኩራራበት ጊዜ፣ እሳቸው ጨርሰው ከሰል ያቀጣጥሉ ነበር።

ከቦንጋ በ1992 ተዛውሬ ወጣሁ። እማማ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖሩ፤ ለቀብራቸው አልደረስኩም። በ2002 ዩኔስኮ የካፋን ጫካ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዘገበው፤ ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ ባለቤቱ ካርታ ወጣለት ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። አሁን ቦንጋ የቡና ሙዚየም አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ከደቡብ ምዕራብ ክልል መቀመጫዎች አንዷም ሆናለች፤ ከአዲስ አበባ በጠዋት የተነሣ ሰው ሳይመሽበት ይገባል አሉ።

እኔ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። ዳዊቴን እደግማለሁ፣ ሰባተኛዋን ከሰረዝኩ ቆይቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባለቤቴ ቡና ስታፈላ አቦሉን ይዤ ወደ በረንዳ እወጣለሁ። መሬት ሩቅ ስለሆነ ከብረቱ በላይ ጎንበስ ብዬ ሦስት ጠብታ እለቃለሁ። ባለፈው እሑድ ሦስተኛዋ ገና ከሲኒው ሳትወጣ ከታች ጩኸት መጣ፦

«ማነው እሱ! ያጠብኩት ነጠላ ላይ!»

ልጄ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔ ወደ ውስጥ ሸሸሁ፤ ሦስተኛዋን ጠብታ ራሴ ጠጣኋት።